እንጨትን የሚገድለው ዕድሜ ሳይሆን ያደረ ውሃ ነው

(ከዚህ በታች የሚነበበው በሚያዝያ ወር በተደረገው የሰፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንድ የሰፈሩ ነዋሪ የሆኑ አናጢ ያደረጉት ንግግር ነው። በዕለቱ ያልተገኙ አባሎችም እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ እንዲወጣ ተወስኗል።)



ሊቀ መንበራችን ስለ እንጨት ጥቂት እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ «ስለ እንጨት ደግሞ ምን ይወራል? እንጨት እንጨት ነው» ብዬ ነበር። በኋላ ግን ሳስበው፣ እኛ የፈረስ ቤት ሰዎች ከተወለድንበት ቤት ምሰሶ ጀምሮ እስከምንቀበርበት ሣጥን ድረስ ኑሯችን ከእንጨት ጋር ነው። አጥራችን እንጨት፣ በራችን እንጨት፣ በረታችን እንጨት፣ ድልድያችንም እንጨት ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ እንጨት በየአራትና በየአምስት ዓመቱ እየነቀልን ስንተክል፣ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ ጠይቀን እናውቃለን? «አረጀ» እንላለን፤ ሌላ እንገዛለን፤ በቃ።

እኔ ዛሬ የምለው አንድ ነገር ነው። እንጨት እንደ ሰው በዕድሜ ብቻ አያረጅም። ዝናብ ሳያገኘው፣ አፈር ሳይነካው የቆመ እንጨት ከልጅ ልጅ ይተላለፋል። ውሃ የሚያድርበት እንጨት ግን አምስት ክረምት አይዘልቅም። ስለዚህ የእንጨት ጠላቱ የት እንደሚቀመጥ ካወቅን፣ ያለችንን ጥቂት ገንዘብ የት ላይ ማዋል እንዳለብን እናውቃለን ማለት ነው።

ለዚህ ንግግር መነሻ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባለፈው ነሐሴ ከሰፈራችን በታች በጅረቱ ላይ ከተጋደመው ድልድይ አንዱ ግንድ፣ የተጫነች አህያ ስትሻገር ተሰበረ። አህያይቱ እግሯን ተሰብራ ቀረች። ሰው አለመጎዳቱ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን በዚያው ድልድይ ልጆቻችን ጧትና ማታ ወደ ትምህርት ቤት ይመላለሱበታል።

በማግሥቱ ሄደን አየነው። ግንዱ ላዩ ሸብቷል፤ እዚህም እዚያም ተሰነጣጥቋል። ሆኖም መሐሉን በመጥረቢያ ሲመቱት ይጮኻል፤ ገና ጠንካራ ነው። የተሰበረው መሐሉ ላይ አልነበረም። የተሰበረው ከዳር፣ አፈር ላይ ከተጋደመበት ጫፉ ላይ ነው። እዚያ ቦታ ላይ እንጨቱ እንደ ደረቀ ዳቦ በእጅ ይፈረፈር ነበር። እኛ ከላይ እያየን «ገና ነው» ስንል፣ ከታች አልቆ ኖሯል።

ያንን ግንድ ከስድስት ዓመት በፊት ካጋደሙት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። የሥራው ባለሙያ ነህ ተብዬ የተመደብኩትም እኔው ነበርኩ። ክረምቱ ስለ ደረሰብን ቸኩለን፣ ባሕር ዛፉን እርጥቡን፣ ልጡን እንኳ ሳንልጥ፣ ጫፉን አፈር ውስጥ ቀብረን አጋደምነው። ላዩንም ለእግር እንዲመች ብለን አፈር አለበስነው። አሁን ስናገረው ከእነዚህ አራት ነገሮች አንዱም ትክክል እንዳልነበረ አውቃለሁ። ስለዚህ ንግግሬን እንደ ትምህርት ብቻ ሳይሆን እንደ ንስሐም ቁጠሩልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ደጅ የቆመን እንጨት የሚያገኙት ሦስት ናቸው፤ ፀሐይ፣ ዝናብና አፈር። ሦስቱ እኩል አይደሉም።

መጀመሪያ ስለ ፀሐይ። ነገሩን በጭቃ ቤታችን ልመስለው። ግድግዳ ስንመርግ ጭዱን ከጭቃው ጋር እናቦካለን። ጭዱ ይይዛል፤ ጭቃው ያጣብቃል። እንጨትም እንዲሁ ነው። እንደ ጭድ የሚሆኑ ቀጫጭን ቃጫዎች አሉት፤ እነዚህን የሚያጣብቅ፣ በመጻሕፍት ሊግኒን የሚባል ነገር ደግሞ አለው። ለዓይን የማይታየውና አልትራቫዮሌት የሚሉት የፀሐይ ጨረር ይህን ማጣበቂያ ይፈታዋል። የተፈታውን ዝናብ ያጥበዋል። ላዩ ላይ የሚቀረው ጭዱ ብቻ ይሆናል። አዲስ ሳንቃ መጀመሪያ ጠይም ሆኖ ቆይቶ በኋላ የሚሸብተው በዚህ ምክንያት ነው።

የእኛ አገር ፀሐይ ደግሞ የዋዛ አይደለም። አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ይህ ጨረር በመቶ አሥር ያህል ይጨምራል ይላሉ ሊቃውንቱ። እኛ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ያለን ደገኞች ነን። ብርዱ ስላለ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል እንጂ፣ ፊታችንንም በራችንንም የሚያጠቁረውና የሚያሸብተው እሱ ነው።

ሆኖም እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የፀሐይ ጉዳት ከቆዳ አያልፍም። ጨረሩ ወደ እንጨቱ የሚገባው አንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ያህል ነው። ዝናቡ ያንን ሲያጥበው ደግሞ የሚቀጥለውን ያገኛል፤ በዚህ ዓይነት በዝግታ ይበላዋል። በአሜሪካ አገር ስለ እንጨት የሚመራመሩ ሰዎች እንደ ጥድ ላሉ ለስላሳ እንጨቶች የለኩት፣ በ100 ዓመት ውስጥ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የእኛ ፀሐይ ስለሚበረታ ይህ ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል። እጥፍ ቢሆን እንኳ፣ በ100 ዓመት የአንድ ጣት ወርድ ያህል ነው። ስለዚህ የሸበተ እንጨት ሁሉ የሞተ እንጨት አይደለም። ሽበት የበሰበሰ ምልክት ቢሆን ኖሮ፣ እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁት አባቶቼ ዛሬ ባልተገናኘን ነበር።

ሁለተኛው ዝናብ ነው። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቁመቱ ብዙም አይለወጥም፤ የሚያብጠውና የሚኮማተረው ወርዱ ነው። በክረምት የማይዘጋ በር በበጋ ተላልቶ ብርድ የሚያስገባው ለዚህ ነው። ላዩ በፀሐይ ደርቆ ሲኮማተር ውስጡ ገና እርጥብ ከሆነ፣ ላዩ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ራሱ ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው በስንጥቁ ገብቶ የሚያድረው ውሃ ነው።

ውሃ በእንጨት ውስጥ የሚገባው ደግሞ ከሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ ከሥሩ ወደ ቅጠሉ የሚወጣባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች ነበሩት። ዛፉ ሲቆረጥ እነዚያ ቧንቧዎች አፋቸውን ከፍተው የሚቀሩት በተቆረጠው ጫፍ በኩል ነው። ስለዚህ ጫፉ ከጎኑ ይልቅ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ውሃ ይጠጣል። የአጥራችን ቋሚ አናቱ ለሰማይ ተከፍቶ ሲቆም፣ አፉን ከፍቶ ዝናብ እንደሚጠጣ ሰው ቁጠሩት። ከታችም ጫፉ አፈር ውስጥ ገብቶ እርጥበት ይመጣል። ከላይም ከታችም ይጠጣል ማለት ነው።

ሦስተኛውና ዋናው አፈር ነው። እንጨትን የሚያበሰብሰው ውሃው ራሱ አይደለም፤ በእርጥበቱ የሚኖር ሻጋታ፣ ፈንገስ የሚሉት ነው። ይህ ሻጋታ ለመኖር ምግብ፣ ውሃ፣ አየርና ጥቂት ሙቀት ይፈልጋል። ምግቡ እንጨቱ ነው። የእንጨቱ እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ ከመቶ 20 በታች ከሆነ አይነካውም፤ ወደ 30 ሲጠጋና ሲያልፍ ግን ይፈነጥዛል። በሌላ በኩል አየር ካጣም አይኖርም። በጣሊያን አገር የቬኒስ ከተማ ሕንፃዎች የቆሙት ውሃና ጭቃ ውስጥ በተቸነከሩ የእንጨት ችካሎች ላይ ነው፤ ችካሎቹ ውሃ ውስጥ እንደተዘፈቁ አየር ስለማያገኙ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል።

እንግዲህ አስቡት። አየር ላይ ያለው የቋሚው ክፍል ቶሎ ይደርቃል፤ ጥልቅ አፈር ውስጥ ያለው አየር ያጥረዋል። ሁለቱንም፣ እርጥበቱንም አየሩንም፣ ባንድነት የሚያገኘው የትኛው ነው? ከመሬት ጋር እኩል የሆነው፣ ከመሬቱ ጥቂት ጣት ከፍና አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ያለው ክፍል ነው። አጥራችን ሲወድቅ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ የሚቀነጠሰው በዚህ ምክንያት ነው። ከላይ ያለው አንድ ሜትር ተኩሉ ደህና ሆኖ ሳለ፣ አንድ ስንዝሩ ስለ በሰበሰ ብቻ ሙሉው እንጨት ማገዶ ይሆናል። ብክነት ማለት ይህ ነው።

ምስጥንም ሳላነሣ አላልፍም። በእኛ ደጋ ምስጥ ያን ያህል አይበረታም። ወደ ቆላው ወረድ ሲባል ግን ዋናው የቤት ጠላት እሱ ነው። ምስጥም ቢሆን የሚመጣው ከአፈር ነው። ከመሬት ተነሥቶ የጭቃ መንገዱን እየሠራ ወደ እንጨቱ ይወጣል። ስለዚህ እንጨትን ከአፈር መለየት ለሻጋታውም ለምስጡም አንድ መድኃኒት ነው።

«ይህ የመጽሐፍ ወሬ ነው» የሚል ካለ፣ አባቶቻችን የሠሩትን ልጥቀስ። ከላሊበላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ባለው ተራራ፣ በትልቅ ዋሻ ውስጥ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ። የተሠራው በ12ኛው መቶ ዓመት እንደሆነ ይነገራል። ግድግዳው አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት እየተደረገ ነው የተነሣው። ያ እንጨት ዛሬም አለ። ከእኛ የተለየ እንጨት ስለነበራቸው ብቻ አይደለም፤ ዋሻው ጣራ ሆኖለት ዝናብም ፀሐይም ስላላገኘው ነው። በአክሱም ደግሞ ተቃራኒውን እናያለን። ታላላቆቹ ሐውልቶች ላይ የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት፣ ከግድግዳ ወጣ ያሉ የእንጨት ጫፎች በድንጋይ ተቀርጸው ይታያሉ። እንዲያ ዓይነት እንጨት የነበራቸው የዚያ ዘመን ቤቶች ግን ፈርሰው እንጨታቸው ጠፍቷል፤ የቀረው በድንጋይ የተቀረጸው ምስሉ ነው።

ቅርባችንም ቢሆን ማስረጃ አለን። ወደ ጣና ብንሄድ፣ የዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የመቅደሱ ግዙፍ የእንጨት በሮች ከሰፊው ጣራ ሥር፣ ከውጪው ግድግዳ በስተ ውስጥ ስላሉ ዝናብ አይነካቸውም። በየገጠሩ ያሉትን ክብ አብያተ ክርስቲያናት አስተውሉ፤ ጣራቸው ከግድግዳው አልፎ ወጣ ይላል፤ የውጪ ቋሚዎቻቸውም ብዙ ጊዜ ድንጋይ ላይ ይቆማሉ። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም። ገበሬውም ሞፈርና ቀንበሩን ሥራ ሲጨርስ ዝናብ ላይ አይጥልም፤ ቤት ያስገባል፤ ከጭስ አጠገብ ይሰቅላል። በጥቀርሻ የጠቆረው የእናቶቻችን ማድ ቤት ወራጅ ስንት ዘመን ነው የሚኖረው? ደረቅ ስለሆነና ጭሱ ትሉን ስለሚያርቅ ነው። አባቶቻችን ሊግኒን የሚለውን ቃል አያውቁም ይሆናል፤ ሥራውን ግን ያውቁት ነበር።

አሁን ስለ እንጨቱ ዓይነት ባጭሩ ልናገር። ጽድና ወይራ ከአፈር ጋር ተጋፍጠው የሚቆዩ ናቸው። ዋንዛ ለበርና ለመስኮት ጥሩ ነው። ዝግባ ለቤት ውስጥ ያማረ እንጨት ነው፤ አፈር ከነካ ግን ቶሎ ይበሰብሳል። ብሳናም እንዲሁ። ቀርቀሃ ከአፈር ከተገናኘ ሁለትና ሦስት ዓመት ቢቆይ ነው። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ዛሬም እነዚህ ዛፎች በብዛት የቀሩት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ መጥረቢያ ይዘን አንገባም፣ መግባትም የለብንም።

ስለዚህ የቀረልን ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ባይኖር ዛሬ ምን ውስጥ እንደምንኖር አላውቅም። ነገር ግን በደጋው የሚስማማን ነጩ ባሕር ዛፍ ከቀዩ ይልቅ አፈርን አይችልም። ደግሞም ገና ለጋ ሳለ እንቆርጠዋለን። የማንኛውም ዛፍ ብርታት ያለው በመሐሉ፣ በልቡ ነው፤ ዙሪያውን ያለው ነጣ ያለ እንጨት የሻጋታ ቀለብ ነው። የአራትና የአምስት ዓመት ባሕር ዛፍ አብዛኛው ለጋ ነው። ጥንካሬውን ከእንጨቱ ካላገኘን፣ ከአሠራራችን ማግኘት አለብን ማለት ነው።

አሠራሩ ምን ይሁን? ብዙ ወጪ የማይጠይቁትን ልዘርዝር።

አንደኛ፤ እንጨቱ በበጋ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይቆረጥ። ልጡ ወዲያው ይላጥ። በጥላ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ከፍ ተደርጎ፣ በየመሐሉ ቀጭን እንጨት እየተደረገ ይደርደርና ቢያንስ ሦስት ወር ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ከተጣለ በአንድ ጊዜ ደርቆ ይሰነጠቃል። ጫፎቹ ቀለም ወይም ሰም ቢቀቡ ስንጥቁ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፤ የሚቻል ከሆነ እንጨት አፈር አይንካ። የቤት ቋሚና የበር መቃን ከመሬት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም። ከጣራ የሚወርደው ጠፈጠፍ መሬት መትቶ የሚረጨው እስከዚያ ድረስ ስለሆነ ነው። ጣራው ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይውጣ፤ አቅም ያለው አሸንዳ ያድርግ።

ሦስተኛ፤ አጥር ግድ አፈር ውስጥ የሚተከል ከሆነ፣ ጉድጓዱ ሥር አንድ ስንዝር ጠጠር ይግባ። ዙሪያውም በጠጠር ይጠቅጠቅ፤ አፈሩ ወደ ቋሚው ሳይሆን ከቋሚው ወደ ውጪ ያዘቅዝቅ። ሲሚንቶ የሚጠቀሙም ይጠንቀቁ፤ ሥሩ የተደፈነ ሲሚንቶ ኩባያ ነው፤ ውሃ ይዞ እንጨቱን ያስጠጣዋል።

አራተኛ፤ የቋሚው አናት በሰያፍ ይቆረጥ፤ ውሃ እንዲንሸራተት። ከተቻለ በቁራጭ ቆርቆሮ ወይም በተከፈተ ጣሳ ይደፈን። ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

አምስተኛ፤ ከአጥርና ከግድግዳ ሥር የተቆለለ ፍግ፣ የተከመረ ማገዶ፣ የበቀለ ሣር ይነሣ። እነዚህ እንጨቱን እርጥብ ጨርቅ እንደ ማልበስ ናቸው።

ስለ ቀለምም አንድ ቃል። ቀለም አይጠቅምም አላልኩም። ቀለም ጨረሩን ይከለክላል፤ ዝናብንም ይመልሳል። እንዲይዝ ከተፈለገ ግን ሳንቃው እንደተላገ ወዲያው ይቀባ። ፀሐይ ላይ ለሳምንታት ከቆየ ላዩ ስለሚሞት፣ የተቀባው ቀለም ከሞተው ቆዳ ጋር ይላጣል። የጠራ ቫርኒሽ ደግሞ ጨረሩን ስለሚያሳልፍ በእኛ ፀሐይ ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ይቀረፋል። ዋናው ነገር ግን፣ እርጥብ እንጨት ላይ የተቀባ ቀለም ውሃውን ውስጥ ዘግቶ ያስቀራል። ላዩ እያበራ ውስጡ ይበሰብሳል።

ይህን ካልኩ በኋላ ወደ ድልድያችን ልመለስ። ማኅበሩ ያለው ገንዘብ ጥቂት ነው። ባለፈው ስብሰባ የዕድሩን ቤት በርና የአጥሩን ፊት ቀለም እናስቀባ ተብሎ ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡ ከክፋት አልመጣም፤ በሩ ሸብቷል፤ እንግዳ ሲመጣ ያሳፍራል። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት የዕድሩን ቤት በር በምስማር ወጋሁት፤ ደህና ነው። የድልድዩን የቀሩትን ሦስት ግንዶች ጫፍ ደግሞ አፈሩን ገለጥ አድርጌ ወጋሁ። በሁለቱ ላይ ምስማሩ በአውራ ጣቴ ግፊት ብቻ እስከ አንገቱ ገባ።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ሽበቱ ይቆይ። ገንዘቡ ለሰኔ ሳይደርስ ለድልድዩ እግር ይዋል። በሁለቱም ዳር ድንጋይ ይገንባ፤ ግንዶቹ ድንጋዩ ላይ ይጋደሙ፤ ጫፋቸው ነፋስ ያግኘው። በግንድና በግንድ መካከል የአንድ ጣት ክፍተት ይተው። ላዩን አፈር አናልብስ፤ ለእግር እንዲመች ሳንቃ በአግድም ይመታበት። ድንጋዩን እኛው እናጓጉዛለን። የእንጨት ሥራውን እኔ ያለ ዋጋ እሠራለሁ፤ ዕዳ አለብኝና።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው። በሩ ቢሸብት የሚወቅሰን እንግዳ ነው። ድልድዩ በድጋሚ ቢሰበር ግን የሚወቅሰን ማን እንደሆነ እያንዳንዳችን ልጆቻችንን እያየን እናስብ።



ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች

አንዲት እናት፤ «ልጄ፣ እኛ ቋሚውን በተቃጠለ የመኪና ዘይት እየቀባን ነው የምንተክለው። አይበቃም ወይ?»

መልስ፤ «እናቴ፣ ዘይቱ ለጊዜው ውሃ ይመልሳል። ነገር ግን ላዩን ብቻ ነው የሚነካው፤ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ውሃው በስንጥቁ ያልፋል። ደግሞ የተቃጠለ ዘይት ውስጥ መርዝ አለ፤ ከጉድጓድ ውሃ፣ ከጓሮ ጎመንና ከከብት ገንዳ አጠገብ ባይደርስ ይሻላል። ግርጌውን በእሳት ማክሰልም ብቻውን ብዙ አይረዳም። መጀመሪያ ማድረቁና ጠጠሩ ይቅደም።»

አንድ ወጣት፤ «ጋሼ፣ የመብራት ምሰሶ እንጨት እንዴት ያን ያህል ዘመን ይቆያል? ያውም አፈር ውስጥ ተተክሎ። የተነቀለውን ብንገዛስ?»

መልስ፤ «እሱ ባሕር ዛፍ ቢሆንም በፋብሪካ በግፊት መድኃኒት ተግቶ ነው የሚመጣው። መድኃኒቱ ክሪዮዞት የሚባል ጥቁር ዘይት ወይም መዳብና አርሴኒክ ያለበት ጨው ሊሆን ይችላል። በብሩሽ የሚቀባ ነገር እንዲያ ጠልቆ አይገባም። አሮጌውን በሕጋዊ መንገድ ካገኛችሁት ለአጥር ይሆናል። ግን አደራ፣ ቁራጩን እንዳታነዱት። በጭሱም በአመዱም መርዝ አለበት፤ እንጀራ ለሚጋግሩት እናቶቻችንና በጀርባቸው ላዘሏቸው ሕፃናት አደገኛ ነው።»

አንድ አባት፤ «ያለውን አጥርስ ምን እናድርገው? ሁሉንም እንንቀል?»

መልስ፤ «የለም፣ አባቴ። ግርጌውን አንድ ስንዝር ቆፈር አድርገው በምስማር ይውጉት። ጠንካራ ከሆነ ይተዉት። ከላላ፣ ከመሬት በላይ ያለውን ደህናውን ቆርጠው አጠር ባለ ቦታ ይትከሉት። ከላይ ያለው ገና ብዙ ዓመት አለው።»

ማሳሰቢያ፤ የድልድዩና የቀለሙ ጉዳይ በግንቦት ወር በሚደረገው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ አባል አንድ ምስማር ይዞ ወደ ድልድዩ ወርዶ ግንዶቹን በገዛ እጁ እንዲወጋ፣ የራሱንም አጥርና መቃን እንዲመረምር ማኅበሩ ያሳስባል።